ከቢጫው መስመር ወዲያ

መርማሪ ኢልዳ ኦቾአ ዝናብ ካልመጣ ውሃ የማያይበትን ወንዝ ስትሻገር ውሃው የመኪናዋን ጎማ እስከ ግማሽ ነበር የደረሰው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎርፉ ግንድ እየገለበጠ ሲወርድ ያ መንገድ አበቃለት። እናም በድራይ ፎርክ የተኩስ ሜዳ አንድ ሬሳ፣ አራት ሰዎችና አንዲት መርማሪ ተቆልፎባቸው ቀሩ። የአሪዞና የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም።

ፖሊስ የጠራው ቨርጂል ታኬት ነው፤ የሜዳው ባለቤትም፣ የተኩስ መስመሩ ኃላፊም እሱ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። «ተኩስ ቆሟል» ብሎ የሚጮኸው፣ እያንዳንዱ ሽጉጥ ባዶ መሆኑን መጀመሪያ በዓይኑ ቀጥሎም በትንሽ ጣቱ ዳስሶ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በዚያ ሜዳ አንድ ሰው እንኳ ጭረት አልነካውም። ዛሬ ግን ሮይስ ላንደርስ፣ ተኩስ ቆሞ ሳለ፣ ሃያ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ የዒላማውን ቀዳዳዎች በቡናማ ወረቀት ሲለጥፍ ደረቱን ተመትቶ ሞተ።

ሮይስ በአገሩ ሁሉ የታወቀ የሽጉጥ ገምጋሚ ነበር። እሱ በመጽሔቱ ዓምድ «ጥሩ ነው» ያለው ሽጉጥ ይሸጣል፣ ያጥላላው ሱቅ ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የዛሬው አመጣጡም ኪስ ውስጥ የምትገባ አንዲት አዲስ ሽጉጥ ሊፈትን ነበር።

ቨርጂል በቆርቆሮው ቢሮ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ያመላልሳል። ጣቴን አስገብቻለሁ። አዎ፣ አስገብቻለሁ። ወይስ ትናንት ያስገባሁትን ነው የማስታውሰው? ሰው በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚያደርገውን ነገር አንዷን ነጥሎ ማስታወስ እንዴት ይችላል? ጥይት ትቼባት ከሆነ ሮይስን የገደልኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሐሳቡም አብሮ ራሱን ይደበድበው ነበር።

መርማሪዋ ገና እንደገባች የሁሉንም ሽጉጥ ተቀብላ፣ ስም ጽፋ በየወረቀት ከረጢቱ ከታለች። አጠር ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት። ከቨርጂል በስተቀኝ ተቀምጣ አንድ ነገር ጠየቀችው። ዝም አላት። ተነስታ ወንበሯን በግራው አዞረችና ያንኑ ደገመችው።

«ሽጉጧን መጨረሻ የነካት ማነው?» ነበር ያለችው።

ቨርጂል ፊቱ ጋለ። አወቀችብኝ አለ በልቡ። የቀኝ ጆሮው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም።

«እኔ» አላት። «ሮይስ ተኩሶ ጨረሰ፣ ካዝናውን አወጣ፣ የላዩን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስቦ ክፍት አድርጎ ቆለፈው። እኔ አየሁ፣ ዳሰስኩ፣ ባዶ ነበረች። ከዚያ ተኩስ ቆሟል ብዬ ጮህኩ፤ እሱም ወደ ዒላማው ሄደ።»

«ባዶ መሆኗን እርግጠኛ ነዎት?»

ቨርጂል አዎ ሊል አፉን ከፈተ። «አስባለሁ» አለ።

«ያስባል» አለ ከማዶ ሆሊስ ግሪር፣ ቡናውን እየጠጣ። ሆሊስ የሮይስ የአሥራ አንድ ዓመት የተኩስ ባልደረባ ነው፤ ረጅም፣ ሸንቃጣ፣ ጎኑ ላይ ባዶ የሽጉጥ አፎት የቀረ ሰው። «እኔ እነግርሻለሁ የሆነውን። ከቢጫው መስመር ኋላ ቆሜያለሁ። ነፋሱ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ምንጣፍ ገልብጦ ያቺን ሽጉጥ ሲሚንቶው ላይ ጣላት። ስትወድቅ ጮኸች፤ ሮይስም ወደቀ። ሽማግሌው ጥይት ትቶባታል፣ በቃ። ጆሮው እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለእሱ ስንል ነው ዝም ያልነው። አሁን ደግሞ ዓይኑ ተከትሎታል።»

ሁላችንም እናውቃለን። ቨርጂል አንገቱን ደፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ የደበቀው ነገር ለካ የሰው ሁሉ ነበር።

«የኔ ሽጉጥ ወድቃ አትተኩስም» ያለው ዌንደል ፕሪቸር ነው፣ ሽጉጧን የሠራት ሰው። ወፍራምና ላብ በላብ የሆነ፣ ከዚያች ሽጉጥ ሌላ በዓለም ምንም የሌለው የሚመስል ሰው። «መቶ ጊዜ ኮንክሪት ላይ ጥያታለሁ። ከጣሪያ ጥያታለሁ። አንድ ቀን ጮኻ አታውቅም።»

«እናትህም ስለ አንተ እንዲህ ነው የምትለው» አለ ሆሊስ።

«ዝም በል አንተ። ይህቺ ሽጉጥ ወድቃ ሰው ገደለች ከተባለ እኔ አለቀልኝ። ገባህ? አለቀልኝ።»

«የት ነበሩ ጥይቱ ሲጮህ?» አለችው መርማሪዋ።

«ፒክ አፑ ውስጥ። አቧራው ሲመጣ መስኮት ልዘጋ ሄጄ። ማን አየህ ብትይኝ ማንም።»

«ራስዎስ የሚይዙት ሽጉጥ?»

«የዚህችው ዓይነት፣ ሌላ ናት። የራሴን ሥራ ካልያዝኩ ማን ይይዝልኛል?»

የሮይስ ሚስት ዶሪን ቢሮው ውስጥ መቀመጥ አልሆነላትም። የዓምዱን ፎቶ የምታነሳው እሷ ነበረች፤ ተኩሱ ሲሰማ መኪናቸው ውስጥ የካሜራዋን ሌንስ ከአቧራ እየጠረገች ነበር። መርማሪዋ እዚያው መኪናው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻት። ስትመለስ ጃኬቷ ርሶ፣ ፊቷም ከብዶ ነበር።

«ቨርጂል፣ ጠረጴዛውን ያሳዩኝ» አለችው፣ በግራው ቆማ።

ረጅሙ ጠረጴዛ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር ነበር። ከጠረጴዛው ሁለት እርምጃ ኋላ ሲሚንቶው ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። ቨርጂል መስመሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ራሱ ቆመ።

«ከዚህ ወዲያ ማንም አላለፈም?»

«እኔና ሆሊስ ወደ ሮይስ ስንሮጥ አለፍን። ከዚያ ወዲህ ማንም። ሆሊስ ተመልሶ ዕቃውን ልሰብስብ ሲል አባረርኩት። ተኩስ ሲቆም ጠረጴዛ አይነካም። ሰው ቢሞትም አይነካም።»

«ተቆጣ?»

«ሰደበኝ። ለምጄዋለሁ።»

መርማሪዋ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። ትንሿ ሽጉጥ ከጠረጴዛው ሥር ሲሚንቶው ላይ፣ የላይ ብረቷ ተዘግቶ ወድቃለች። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት፣ በሦስት እግር ላይ፣ የጥይት ፍጥነት የሚለካው ማሽን ቆሟል፤ የቁጥር መስኮቱ በሽቦ ተያይዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የሮይስ ደብተር ተከፍቶ አለ።

«እርስዎ እዚህ ይቁሙ» አለችውና ብቻዋን አልፋ ጎንበስ አለች። ቁጥሩን አየች። ደብተሩን በእስክሪብቶ ጫፍ እየገለጠች ረጅም ጊዜ አነበበች።

«ይሄ ማሽን ጥይቱን የሚያየው በየት በኩል ሲያልፍ ነው?»

«በላዩ። የአንድ ክንድ ያህል ከፍታ ብቻ፣ በደረት ትክክል። ከዚያ ዝቅ ካለ ወይ ከፍ ካለ አያየውም። ጀማሪዎች በዚህ ያብዳሉ።»

«ማነው የሚያጠፋው?»

«ሮይስ። ግን ባትሪው እስኪያልቅ አያጠፋውም፤ ይረሳዋል።» ቨርጂል ራሱን አርሞ «ይረሳው ነበር» አለ።

ሁሉንም ወደዚያው ጥላ ሥር ጠራቻቸው። ዶሪንም ከመኪናው ወረደች። አራቱም ከቢጫው መስመር ኋላ ተደርድረው ቆሙ፤ ከኋላቸው ጎርፉ ያገሳል፣ ከፊታቸው ሃያ አምስት እርምጃ ላይ በሸራ የተሸፈነው ሮይስ ተጋድሟል። ቨርጂል በልቡ አሁን ትለዋለች፣ አሁን ስሜን ትጠራለች እያለ ነበር።

«ሦስት ነገር ልንገራችሁ» አለች መርማሪዋ። «አንደኛው፣ ሽጉጧ ሲሚንቶ ላይ ወድቃ ተኮሰች ተብያለሁ። ወድቃ ከተኮሰች ጥይቱ የሚነሳው ከመሬት ነው። ከመሬት የተነሳ ጥይት በዚህ ማሽን መስኮት ሊያልፍ አይችልም። ማሽኑ ግን መዝግቦታል። ሮይስ ደብተሩ ላይ የጻፈው ሃምሳ ጥይት ነው፤ ማሽኑ ያየው ሃምሳ አንድ። ስለዚህ ሮይስን የገደለው ጥይት የተተኮሰው ቆሞ በነበረ ሰው እጅ ነው።»

ዌንደል ትንፋሹን ለቀቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ይህቺ ሽጉጥ አጭር ናት፤ አፈሙዟ አጭር ስለሆነ ጥይቱ ቀስ ይላል። ሃምሳውም ጥይት በሰከንድ ከአንድ ሺህ ሰባ ጫማ አላለፈም። ሃምሳ አንደኛው አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ አንድ ነው። በዚያው ጥይት ዓይነት ይህን የሚያህል የሚወረውር ረጅም አፈሙዝ ነው። እዚህ ማን ምን ይዟል? ዌንደል የትንሿኑ ዓይነት። ዶሪን ጥይቷ ሌላ ዓይነት የሆነ ሪቮልቨር ሽጉጥ። ቨርጂል መስመር ሲመራ ሽጉጥ አይታጠቅም፤ የሱ ቢሮው ውስጥ ተቆልፎበት አግኝቼዋለሁ።»

«እና?» አለ ሆሊስ።

«እናማ ሮይስ ጠዋት፣ ማሽኑን ለትንሿ ከዜሮ ከማስጀመሩ በፊት፣ ለማነጻጸር ብሎ ያንተን ባለረጅም አፈሙዝ ሽጉጥ ለክቷል። አምስት ጥይት፤ ደብተሩ ላይ አለ። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ ስምንት፣ ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ፣ እንዲህ እያለ። አወቅከው አይደል? ከመስመሩ ኋላ ቆመህ ከአፎትህ አውጥተህ ተኮስክ፣ መለስክ፣ ወደ ሮይስ ስትሮጥ የትንሿን የላይ ብረት ዘግተህ ከጠረጴዛ ገፋሃት። ማሽኑ ትዝ ያለህ ቆይቶ ነው። ዕቃ ልሰብስብ ያልከው ለዚያ ነበር።»

«ምን አጣላኝ እኔን ከሮይስ?»

«ሦስተኛው እሱ ነው» አለች መርማሪዋ። «በደብተሩ ውስጥ ከጥሩ ውጤት ሁሉ ጎን ያለው ስም ያንተ ነው። የሮይስ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ዶሪን ነበረች የቀጠለችው፣ ወደ ሆሊስ ሳታይ። «ሰባት ዓመት ሆኖታል ዒላማ መምታት ከተወ። የምናወጣው ፎቶ ሁሉ የሆሊስ ተኩስ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ሮይስ በቃኝ አለ። ዓምዱን ለኔ ሊሰጠኝ ነበር።»

«ለሷ» አለ ሆሊስ። ያ ሁሉ ፌዝ ከፊቱ ተጠርጎ ጠፍቷል። «ሰባት ዓመት እኔ ተኮስኩ፣ እሱ ፈረመ። ስሜን አንድ ቀን ጻፈው አልኩት፤ አንድ ቀን። እንቁላሉን እያኘከ 'አንባቢ አያውቅህም' አለኝ። የማያውቀኝ በማን ጥፋት ነው?»

መርማሪዋ እጁን አሰረችው። አልታገለም። የሚሸሽበትም አልነበረም።

ጎርፉ አሥር ሰዓት ላይ ጎደለ። የፖሊስ መኪኖች ጭቃውን እየረገጡ ገቡ፤ ሆሊስን ወሰዱት፣ ሮይስንም ወሰዱት። ዌንደል ቨርጂልን አቅፎ ትከሻው ላይ አለቀሰ። ቨርጂልም ትንፋሹ ሲመለስለት ተሰማው። ጣቴን አስገብቼ ነበር። ባዶ ነበረች። እኔ አይደለሁም።

መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ስትሄድ ተከተላት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቁጥሩን ከማየትሽ በፊት ከዶሪን ዘንድ ስትመለሺ ፊትሽ ተለውጦ ነበር። ያኔ አውቀሻል ልበል?»

«ይተዉት ቨርጂል። ነፃ ነዎት።»

«ንገሪኝ።»

መርማሪዋ በሩን ከፍታ ቆመች። በቀኙ በኩል ነበረች፤ ዞራ በግራው መጣች።

«ዶሪን ከተኩሱ በፊት የሮይስን ድምፅ ሰምታለች። ነፋሱ አንድ ነገር ጥሎበት እርስዎን የሚጠራ ነበር የመሰላት። ሰውየው ግን ደረቱን ወደ ጠረጴዛው አዙሮ ነው የተመታው። ሽጉጡ ከአፎቱ ሲወጣ አይቶታል።»

«ምን ብሎ ጠራ?»

«ቨርጂል ብሎ። ሁለት ጊዜ።»

ቨርጂል ያኔ የት እንደነበር ያውቃል። ከመስመሩ ጫፍ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ ጀርባውን ለሆሊስ ሰጥቶ የተገለበጠ ሸራ እያሰረ፤ ቀኝ ጆሮው ወደ ሮይስ። ቢዞር ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ቢጮህ ኖሮ፣ ሆሊስ ሰው እያየው አይተኩስም ነበር።

«አልሰማሁትም» አላት።

«አውቃለሁ።»

መኪናዋ ወንዙን ተሻግራ ሄደች። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ቨርጂል ግን ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም።