ማንም ያልነካት ስልክ

ሚዛን ከጓሮ ደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ አንገቱ ወደማይዞርበት ዞሯል። ከቀኝ እጁ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ያቺ አሮጌ ስልኩ ወድቃለች። መስታወቷ ተሰነጣጥቋል፤ መብራቷ ግን አልጠፋም።

መርማሪዋ ስስ ጓንት አጥልቃ ስታነሳት፣ ተረኛው ፖሊስ «እኔ አልነካኋትም» አለ፣ ሳይጠየቅ። «ሁለት ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትጮኽ ደረስኩ። ፎቶ አነሳሁ። ባልደረባዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የቢሮውን በር ይጠብቃል፤ እኔ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ቆሜያለሁ፤ ማንም አልቀረበም።»

መርማሪዋ አጥብቃ የምትጠላቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰውና ደረጃ። ዛሬ ሁለቱም ገጠሟት።

ስልኳ ላይ የደንበኞች መመዝገቢያ ቅጽ ተከፍቷል። አናቱ ላይ «ሙከራ 3» ይላል፤ ከታች «ላክ» የሚል ሰማያዊ መጫኛ በተን መሃሉ ላይ ተቀምጧል። በጣቷ ነካችው። ምንም የለም። ስልኳ ከወደቀች ወዲህ ታሳያለች እንጂ ንክኪ አትሰማም። ከሟቹ ደረት ኪስ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣች፤ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ በላስቲክ ጠቅልላ ያዘቻት። ከዚያ እያለከለከች ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

ቢሮው ሰው ተጠላልቶ የሚውልበት ቤት ነው፤ አምስት ጠረጴዛ፣ አምስቱም ጀርባ ለጀርባ። እነዚህ ሰዎች ድረ ገጽ ይሠራሉ። ለክሊኒኮች የሚሆን ትልቅ የቀጠሮ ድረ ገጽ ሊጀምሩ ነው፤ ግን በየትኛው የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ እንሥራ ብለው ሦስት ወር ሙሉ ሲበላሉ ከርመዋል። ፍሬምወርክ ማለት ገጹ የሚቆምበት አጽም ነው፤ አንዴ ከቆመ በኋላ ልለውጥ ማለት ቤት አፍርሶ እንደ መሥራት ነው። ነበልባል የሚሏት ሴት ሪአክት ካልሆነ ትላለች። ጭጭ የሚሉት ቪዩ ይላል፣ አፉን የከፈተ ዕለት። አባትዬው ደግሞ ስድስት ዓመት ብቻውን የጻፈውንና ሁሉም «የቤት ልጅ» የሚሉትን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ፈራጁ ሟቹ ነበር፤ ሚዛን የተባለውም ለዚሁ ነው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቅጽ በየራሳቸው ፍሬምወርክ ሠርተው ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ላይ አስረክበዋል። ፍርዱ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

የድርጅቱ ባለቤት የሟቹ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። አላለቀሱም። ከማልቀስ የባሰ ነገር ፊታቸው ላይ አለ።

«ገዳዩን ፈልጊ አልልሽም፤ እነግርሻለሁ» አሉ። «ያቺን ነበልባል እሰሪልኝ። ትናንት እዚህ ቆማ ‹ሬሳህን ተራምጄም ቢሆን ይሄ ቢሮ በሪአክት ይሠራል› አለችው። ወንድሜን!»

«ሰው ሲናደድ ብዙ ይላል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ሬሳው የታለ? እታች!»

ስልክ ጮኸ። የመርማሪዋ አለቃ ነበሩ። «ሴትየዋ ዝታለች፣ ሰው ሰምቷል፤ ምን ትጠብቂያለሽ? እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ይዘሻት ነይ።» መርማሪዋ ስልኩን ዘጋች። አለቃዋን የምትወድበት ቀን ገና አልመጣም።

ነበልባል እጇን አጣምራ ጠበቀቻት። «አዎ፣ ብያለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልክድም።»

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። የሰባት ወር ልጅ አለችኝ። ከእሷና ከእኔ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፣ እሷ ደግሞ አትመሰክርም።» ድምጿ ተሰበረ፤ በዚያም ተናደደች። «ጎረቤት ነው የተውኳት። ካሰራችሁኝ ማን ያጠባታል? አንቺ?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ አልወደደችውም።

ጭጭ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ትወደው ነበር?»

«አልወደውም።»

«ለምን ደረጃው ላይ ወጣ?»

«ዋይፋዩ እዚያ ይደክማል። ሁልጊዜ እዚያ ቆሞ፣ በዚያች ስልክ ነው ገጽ የሚፈትነው። ‹ደንበኞቻችን እዚህ ቢሮ ውስጥ አይኖሩም› ይል ነበር። ከፍርዱ ቀን ጠዋት በፊት አይከፍተውም። ስልኳንም ለሰው አይሰጥም፣ ለእህቱ እንኳ።»

ለእሱ ይህ የአንድ ወር ንግግር ነው። መርማሪዋ አመስግና አሰናበተችው።

አባትዬው ሃምሳውን አልፏል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ከትናንት ወዲህ አላየሁትም። እኔም እነሱም ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ስንደርስ ፖሊስ በሩ ላይ ነበር። በየጠረጴዛችን ተቀመጡ፣ አትነሱ አለን፤ ተቀመጥን።»

«ከዚያ ወዲህ ሥራህን ነካክተሃል?»

«ሰው ሞቶ? ካስረከብኩ ወዲህ አንድ ፊደል አልነካሁም።»

«ሌላ ሰውስ ኮምፒውተርህን ቢከፍት?»

«የይለፍ ቃሌን እግዜርና እኔ ነን የምናውቀው» አለ በኩራት።

መርማሪዋ ብቻዋን ስትቀር ተረኛው ያነሳውን ፎቶ ከስልኳ ጎን አስቀመጠች። አየች። እንደገና አየች። ፎቶው ላይ በተኑ ግማሹ ከመስታወቱ ጠርዝ ወጥቷል፤ «ላ» ብቻ ነው የሚታየው። እጇ ላይ ባለችው ስልክ ግን ሙሉ ነው፣ መሃል ላይ። ያችው ስልክ፣ ያው ገጽ፣ ያው ሬሳ። ማንም አልነካትም፤ ብትነካም አትሰማም።

ጭጭን መልሳ ጠራችውና ሁለት ጥያቄ ጠየቀችው። ከዚያ ሁሉንም ሦስት ፍሬምወርኮች ወደ ተጻፉበት ነጭ ሰሌዳ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ከነበልባል ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለች መርማሪዋ። «ያላወቀ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጠየቅሁ። ጭጭ፣ የነገርከኝን ድገመው።»

«ገጾቹ ያሉት በየኮምፒውተራችን ላይ ነው» አለ ጭጭ። «ኮዱን ቀይረን ሴቭ ካልን፣ ገጹን የከፈተ ስልክ ሁሉ በራሱ ይታደሳል። መንካት አያስፈልግም።»

«ሞቶ የተኛ ሰው አጠገብ ያለች ስልክም?»

«መብራቷ ካልጠፋ። እሱ ደግሞ እንዳይጠፋ አድርጎ ነው የሚይዛት።»

«ሁለት ሰዓት ላይ በተኑ ተቆርጦ ነበር፤ ይኸው ፎቶው። እኔ ስደርስ ተስተካክሏል። እንግዲህ ሬሳው እታች እንደተኛ፣ አንዳችሁ እዚህ ላይ፣ ፖሊስ ፊት ተቀምጦ አስተካክሎታል። ሙከራ ሦስት የማን ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ።

አባትዬው ሳቀ፣ ወይም ሊስቅ ሞከረ። «እሺ፣ ነክቻለሁ። ስጨነቅ እጄ ዝም አይልም። ስህተት አየሁ፣ አረምኩ። በተን ማረም ወንጀል ሆነ?»

«የት አየኸው?»

«ኮምፒውተሬ ላይ።»

«ነበልባል፣ ሙከራ ሦስትን ትናንት አይተሻል?»

«በኮምፒውተሬም በስልኬም» አለች። «የምሰድብበት ነገር ፈልጌ ነበር የከፈትኩት። በተኑ ምንም አልነበረበትም።»

«ጭጭም ይህንኑ ነው ያለኝ። ስህተቱ የሚታየው በዚህች ጠባብ ስልክ ላይ ብቻ ነው።» መርማሪዋ ስልኳን ከፍ አደረገች። «ሟቹ ከፍርዱ ቀን በፊት አልከፈተውም፤ ለማንም አልሰጣትም። በተኑ መቆረጡን የሚያውቅ ሰው፣ ዛሬ ጠዋት እደረጃው አናት ላይ ሟቹ ራሱ ያሳየው ሰው ብቻ ነው። አንተ ግን ከትናንት ወዲህ አላየሁትም ብለኸኛል። ገድለህ ወጥተህ፣ ከሰው እኩል ተመልሰህ ገብተህ፣ ዝም ብለህ ብትቀመጥ ማንም አይደርስብህም ነበር። ስህተት እያየህ መተው ግን አልሆነልህም።»

አባትዬው ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

«ስድስት ዓመት!» አለ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አሳድጌው! በጠዋት ጠርቶኝ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቅኖ ‹እየው እንግዲህ ልጅህን› አለኝ። ሳቀብኝ። ስህተቱን እንጂ ሌላውን አላየም። ገፋሁት። መግፋቴንም ያወቅሁት ሲወድቅ ነው።»

እትዬ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ወደ አባትዬው ሊሄዱ ሲሉ ተደናቀፉ። ፈጥና የደረሰችው ነበልባል ክንዳቸውን ያዘች። እጇን ገፈተሩት፣ ማን እንደሆነች አዩ፣ መልሰው ያዙት።

ፖሊሱ እጁን ሲያስረው አባትዬው ወደ መርማሪዋ ዞረ። «አሁን… በተኑ በዚያች ስልክ ላይ ሙሉ ሆኖ ታየ?»

«ሙሉ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ደስ ያለው ይመስል ነበር። መርማሪዋን ያናደዳት ይኼ ነው። እስር ቤት ሆኖም የሚጽናናበትን ነገር ልትተውለት አልፈለገችም። የሟቹን ደብተር ከላስቲኩ አውጥታ አነበበችለት፦

«‹ሙከራ 1፣ ጥሩ። ሙከራ 2፣ ጥሩ። ሙከራ 3፣ ከሁሉም ፈጣን። በተኑን ከሦስት ሰዓት በፊት እንዲያስተካክል ልንገረው። ካስተካከለ የቤት ልጅ ይሁን።›»

ነበልባል እንኳ ስድብ አጣች።

«ለማስተካከል ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» አለች መርማሪዋ።

አባትዬው የታሰሩ እጆቹን አየ።

«ሁለት ደቂቃ» አለ።