የመጭ ዘርና የቃናኒ ከረጢት

ቃናኒ ትባላለች። ዐሥር ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከአሶሳ መጥተው ባምባሲ ሊገቡ ሲሉ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አባቷ አቶ ዋቅሹማ በቆሎና ኑግ ያርሳሉ። እናቷ ወይዘሮ ቡሴ ደግሞ ኑጉን አበጥረው፣ በጆንያ አድርገው ከበሩ ጀርባ ያስቀምጡታል። ይህን ጆንያ አትርሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ቃናኒ ፈጣን ልጅ ናት። መዝሙር ቶሎ ትይዛለች። ማንጎ ዛፍ ላይ ከወንዶቹ ቀድማ ትወጣለች። "ነገ እሠራዋለሁ" ለማለት ደግሞ የሚቀድማት የለም። እናንተ እንደዚያ እንደማትሉ አውቃለሁ። አውቃለሁ ስላችሁ ግን አትሳቁብኝ።

ከቤታቸው ጀርባ አንድ ኮረብታ አለ። ድሮ ሳር የሞላበት ግጦሽ ነበር። ከብቱ ሲበዛ ሳሩ አለቀ፤ ሳሩ ሲያልቅ ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ቀይ መሬት ብቻ ቀረ። ፍየል እንኳን ወጥታ ባዶ አፏን ትመለስ ነበር። ፍየል የምትበላው ያጣችበት ቦታ፣ ልጆች፣ በእውነት ባዶ ነው።

የሰፈሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከወለጋ የመጡ ነበሩ፣ በርታዎች ነበሩ፣ በሰፈራ ከወሎ የመጡም ነበሩ። ብዙ ተነጋገሩና ተስማሙ። ከብት አይገባም። ሳርና የዱር አበባ ይዘራል። የእርሻ እህል ግን አንዲት ፍሬ አይዘራበትም። ለምን? እህል የዘራ ሰው "መሬቱ የእኔ ነው" ማለቱ አይቀርማ! ከዚያ ጠብ ይመጣል። ኮረብታው ደግሞ የሁሉም ነው።

"ሳሩን እናንተ ዝሩ፤ የአበባውን ዘር ልጆቼ ያዘጋጃሉ" አሉ ጋሽ ገመቺስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አስተማሪ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መደብ አፈር ተሰጠው። የሚተክሉት መጭ ነው። መጭን ታውቋታላችሁ? ክረምት ሊወጣ ሲል በየመንገዱ ዳር ቢጫ ሆና የምታብበዋ ናት። የኑግ የዱር ዘመድ ናት። ፍሬዋም እንደ ኑግ ጥቁር ነው።

"ጋሼ፣ አበባ ለምን ያስፈልጋል? ላም አበባ ትበላለች እንዴ?" አለ ከልጆቹ አንዱ፣ ኤጀታ።

"ሥሯ አፈሩን ይይዛል። አበባዋ ንብ ይጠራል። ደግሞ አንዴ ከዘራናት በየዓመቱ ራሷ ፍሬዋን ጥላ ራሷ ትበቅላለች" አሉ ጋሽ ገመቺስ። "ግን መጭ አንድ አመል አለባት። ፍሬዋ ባንዴ አይደርስም። ዛሬ ይቺ ትደርሳለች፣ ነገ ያቺ። የደረሰውን ዕለቱን ካላነሣነው ይረግፋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከሥሯ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ቀስ አድርጋችሁ ታራግፏታላችሁ። አንድ ጠዋት የቀረ ልጅ ነፋስ ይቀድመዋል።"

"እኔን አይቀድመኝም!" አለች ቃናኒ። "የእኔ ከረጢት ከሁላችሁም ይበልጣል። ታያላችሁ!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

መጩ በቀለ። አበበ። ህዳር ገባና ፍሬው መድረስ ጀመረ። ቃናኒ በመጀመሪያዎቹ ጠዋቶች ማልዳ ሄደች፤ አራገፈችም። ከዚያ የአጎቷ ልጅ ዮሚፍ ከአሶሳ ሊጠይቃቸው መጣ። ዮሚፍ ስልክ አለው። ስልኩ ውስጥ ደግሞ ዝንጀሮ በሞተር ሳይክል የሚሄድበት ፊልም አለ።

"ነገ እጥፍ አድርጌ አራግፋለሁ" አለች ቃናኒ። በማግስቱም ይህንኑ አለች። በሦስተኛውም ቀን ዝንጀሮው ከሞተሩ አልወረደም።

ዮሚፍ ወደ አሶሳ ሲመለስ ቃናኒ ወደ መደቧ ሮጠች። የመጩ ራስ ሁሉ ባዶ ነበር። ነፋሱ አራግፎታል። መሬት የወደቀውን ድንቢጦች ለቅመውታል፤ ጠግበው መብረር አቅቷቸው ነበር። በከረጢቷ ውስጥ ያላት አንድ እፍኝ ብቻ ነው።

ዘሩ የሚሰጠው ደግሞ በሚመጣው እሑድ ነው። ቃናኒ አለቀሰች። ስለ መጩ አልነበረም ያለቀሰችው፤ ሁሉም ይስቁብኛል ብላ ነው።

ያን ቀን ወይዘሮ ቡሴ ገበያ ሄደዋል። ቃናኒ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጆንያ አየችው። አስታወሳችሁት? ጣሳ አመጣችና ኑጉን እየቀዳች ወደ ከረጢቷ ገለበጠች። ነቀነቀችው። ጥቁር ከጥቁር ተቀላቀለ። ከረጢቱ ጢም አለ።

"ኑግም ቢጫ ያብባል፤ ንብም ይወደዋል። ማን ያውቃል?" አለች በልቧ።

ልጆች፣ ልባችሁ "ማን ያውቃል?" ሲላችሁ ጠርጥሩት። ደግ ነገር ስንሠራ እንዲህ ብሎ ጠይቆን አያውቅም።

እሑድ ጋሽ ገመቺስ የቃናኒን ከረጢት ከፍ አድርገው ለልጆቹ አሳዩ። "እንዲህ ነው ትጋት!" አሉ። ሁሉም አጨበጨቡ። ከረጢቱ ግማሽ ያልሞላለት ኤጀታ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አጨበጨበላት። ቃናኒ መሬት መሬት አየች። ከረጢቶቹ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ የየልጁ ስም ተጽፎባቸው ከግድግዳው ላይ ተሰቀሉ።

ገና አለፈ። ፋሲካ አለፈ። ቃናኒ በየእሑዱ ለከረጢቷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። መዝሙር ስትዘምር ግን ዐይኗ ሰርቆ ወደዚያ ይዞራል። ቤት ስትመጣም ሰላም የላትም።

"ይሄ አይጥ ኑጌን ጨረሰው!" ይላሉ እናቷ። ከጎረቤት ድመት ተዋሱ። ድመቷ መጣች። አይጥ አላገኘችም። ወተት አገኘች። እናቷ አሁን ደግሞ ድመቷን መርገም ጀመሩ።

ግንቦት መጣ፤ ሰማዩ ጠቆረ። "ነገ ከጸሎት በኋላ እንዘራለን" ተባለ። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ ኮረብታው ላይ ወጥተው የየድርሻቸውን ቦታ ስማቸው በተጻፈበት እንጨት ምልክት አደረጉ። የቃናኒ ቦታ ከአባባ ሙርሳል ዛፍ ፊት ለፊት ሆነ።

አባባ ሙርሳል ንብ አናቢ ናቸው። ቤታቸው የሚነገረው በርታኛ ነው፤ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ነው። ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ፤ ማንም አይቀየማቸውም። ያን ቀን ከቀርከሃ የሠሩትን አዲስ ቀፎ ዛፉ ላይ እያሰሩ ነበር።

"ቃናኒ፣ ና! እይ ይኼን" አሏት። "ድሮ እዚህ ንብ ብዙ ነበር። አበባ ጠፋ፣ ንብ ሄደ። አሁን ቀፎ የሠራሁት አንተን አምኜ ነው። የአንተ ከረጢት ሙሉ ነው አሉኝ። ወላሂ፣ ጎበዝ ነው!"

"አባባ፣ አበባው ... ኑግ ቢሆንስ? ንቡ ኑግም ይወዳል አይደል?"

"ኑግ ይወዳል። ግን ኑግ አንድ ዓመት ነው። ሰው ካልዘራ፣ ከርሞ የለም። መጭ ሰው አይጠብቅም፤ ራሱ ይወድቃል፣ ራሱ ይበቅላል። እኔ ብሞት እንኳን ንቡ አይራብም" አሉና ሣቁ።

ቃናኒ አልሣቀችም። ቁልቁል እየሮጠች ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሄደች። ከረጢቷን አወረደች። በወንፊት ነፋችው፤ ኑጉም መጩም አብረው ወረዱ። በጣቷ ልትለቅም ተቀመጠች። አንድ ለቅማ ሁለተኛውን ስታነሣ የመጀመሪያው የትኛው እንደነበር ይጠፋታል።

"ምን ጠፍቶሽ ነው?" አሉ ጋሽ ገመቺስ ከበሩ ላይ።

እዚህ ላይ ሌላ ውሸት መናገር ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር። ግን ደከማት፤ ውሸት መሸከም ያደክማል።

"ጋሼ፣ ይሄ መጭ አይደለም። ኑግ ነው። መጩ ረግፎብኝ ከእናቴ ጆንያ ሰርቄ ሞላሁት" ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ጋሽ ገመቺስ በልጆቹ አጭር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ።

"የዋሸሽው እኔን ብቻ ነው?"

"ሁሉንም ነው። እናቴንም። አባባ ሙርሳልንም።"

"እግዚአብሔርንስ?"

"እሱንም።"

"እንግዲያው ከእሱ እንጀምር" አሉ። አብረው ተንበረከኩ። ቃናኒ የጸለየችው አጭር ነበር፤ "ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ፤ ለመናገር ድፍረት ስጠኝ" ብቻ ነው ያለችው። ሲነሡ ጋሽ ገመቺስ "ወደሌሎቹ ልከተልሽ?" ብለው ጠየቁ።

"ይከተሉኝ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ" አለች።

ወይዘሮ ቡሴ ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። "ምስኪን አይጥ! ያንን ሁሉ ወር የረገምኩት በሐሰት ነዋ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ብትጠይቂኝ ኑግ እከለክልሽ ነበር?"

"ብጠይቅሽ 'ለምን?' ትዪኝ ነበር" አለች ቃናኒ።

አባባ ሙርሳል ግን አልቀለዱም። ቀና ብለው ቀፏቸውን አዩ። "አሁን ንቡ ምን ይበላል?" አሉ። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ቃናኒ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

"ኑጉ ኮረብታ ላይ ቢበቅል፣ ሰው 'ይኼ የዋቅሹማ እርሻ ነው' ይላል" አሉ አባባ ሙርሳል ቀስ ብለው። "እኛ የተስማማነው ይፈርስ ነበር። አንተ ነገ ሳይሆን ዛሬ ተናገርህ። ኸላስ፣ በቃ፣ ዛሬ ይሻላል።" እጃቸውንም ራሷ ላይ አኖሩ።

በማግስቱ ቃናኒ በልጆቹ ፊት ቆማ ሁሉንም ተናገረች። አንዳንዶቹ ሣቁ፤ ያ የፈራችው ሣቅ መጣ፣ ደግሞም አለፈ። ኤጀታ ከረጢቱን ዘርግቶ "ከእኔ ውሰጂ" አላት። የእሱ ዘር ለራሱም ቦታ አይበቃም ነበርና አመስግናው ተወችው።

ዝናቡ ዘነበ። ኮረብታው አረንጓዴ ለበሰ። አንድ ቦታ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ፤ መሃሉ ላይ "ቃናኒ" የሚል እንጨት ቆሟል። ጋሽ ገመቺስ አሳዘነቻቸውና "እንጨቱን ልንቀለው?" አሏት።

"ይቁም ጋሼ። ለከርሞ እዘራዋለሁ።"

የተቀላቀለውን ዘር በግቢው መደቧ ላይ ዘራችው። ኑጉም መጩም አብረው በቀሉ። የመጭ ቅጠል እንደ ድመት ምላስ ሻካራ ነው፤ ያንን እየዳሰሰች ኑጉን ነቀለች፣ መጩን ተወች። ህዳር ሲገባ ዮሚፍ እንደገና መጣ። ስልኩም አዲስ ነበር።

"ዝንጀሮው አሁን አውሮፕላን ይነዳል!" አላት።

"መልካም፤ አንተ ደግሞ ጨርቁን ያዝልኝ" አለችና ይዛው ወደ መደቧ ወረደች። በየጠዋቱ አብረው አራገፉ። ከረጢቱ ግማሽ ሆነ። ጋሽ ገመቺስ ሲቀበሏት አላስጨበጨቡም። በሁለት እጃቸው ተቀበሏት እንጂ። ቃናኒ ያን ቀን ለከረጢቷ ጀርባዋን አልሰጠችም።

በግንቦት ዘራችው። በመስከረም ቦታዋ ቢጫ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ማንም ሳይዘራው፣ ማንም ሳያየው፣ ራሱ በቀለ።

አንድ ጠዋት አባባ ሙርሳል ጠሯት። "ጆሮህን እዚህ አድርግ፤ ስማ" አሏት። ቃናኒ ጆሮዋን ወደ ቀርከሃው ቀፎ አስጠጋች። ውስጡ ሞልቶ ይዘምራል።

"እነዚህ የአንተ እንግዳ ናቸው" አሉ አባባ ሙርሳል። "ያ ሰላም! ቀፎው ሦስት ክረምት ጠበቀ፤ እኔም ጠበቅሁ።"

ያን እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ከነሰፈፉ ማር ላኩ። ልጆቹ ጣታቸውን ላሱ። ጋሽ ገመቺስም ማንም አላየኝም ብለው ላሱ፤ ቃናኒ ግን አይታቸዋለች።

ልጆች፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ስለዚህ ስታጠፉ ጥፋታችሁን በሌላ ነገር አትሸፍኑት፣ ዛሬውኑ ተናገሩትና በእጃችሁ አስተካክሉት።