አንድ እግር መወጣጫው ላይ

«ደረስኩ፣ ደረስኩ! ማዕዘኑ ጋ ነኝ፤ እንዳትለቂው!» አለች ጓደኛዋ በስልክ።

ልጅቷ ከሰፈሩ ትንሽ አውቶቡስ በር ላይ ሆና ወደ ማዕዘኑ አየች። ከሚያዛጋ ውሻ በቀር ማንም የለም። በስልኩ ውስጥ ደግሞ የጓደኛዋ ታናሽ ወንድም «ካልሲዬን ማን ወሰደብኝ?» እያለ ሲያለቅስ ጥርት ብሎ ይሰማል። ገና ከቤት አልወጣችም ማለት ነው። ስልኩ ተዘጋ።

የሰፈሩ ሰው አንድ ልማድ አለው። የዘገየ ጎረቤት ካለ አንዱ ተሳፋሪ አንድ እግሩን መሬት፣ አንዱን የትንሿ አውቶቡስ መወጣጫ ላይ ይተክላል። እግር የተተከለበትን በር ዘግቶ የሚነዳ ሹፌር የለም። ጓደኛዋ ለእሷ ስንት ቀን ተክላላታለች፤ ተሳፋሪው ሲያጉረመርምባት ንቅንቅ ሳትል! ዛሬ ተራው የእሷ ሆነ፤ ያውም በማጠቃለያ ፈተና ቀን።

«ስሚ እንጂ፣ እግር ነው ወይስ ችግኝ የተከልሽብኝ?» አለ ሹፌሩ። «ዋናው መንገድ ላይ ትልቁ አውቶቡስ ካመለጠን እስከ ረፋድ ሌላ የለም!»

ፊት ወንበር ላይ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች። ሕፃኑን ትኩሳት አዝሎታል፤ ማልቀሱን እንኳ ትቶታል።

«የኔ ልጅ፣» አለች እናትየዋ ቀስ ብላ፣ «ሐኪም ቤት ቶሎ መድረስ አለብን። እውነት እየመጣች ነው?»

ልጅቷ ወደ ማዕዘኑ ዳግም አየች። «አዎ» ብትል ሁሉም ያምናታል፤ የጨነቃትም እሱ ነው። ጓደኛዋ ከቀረች የዓመት ልፋቷን ውሃ በላው። ትልቁ ካመለጠ ሁለቱም ፈተናው ቀረባቸው፤ ሕፃኑም... ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም።

«አልመጣችም» አለች። «ገና ቤት ናት።»

መሬት የረገጠውን እግሯን አነሳች። በሩ ተዘጋ። እናትየዋ «ተባረኪ» ስትላት ጭራሽ እንባዋ መጣ።

ብዙም ሳይርቁ ስልኩ ጠራ። አለማንሳት ይቻላል። «ሹፌሩ እምቢ አለኝ» ማለትም ይቻላል፤ ሹፌር ማማት ማንንም አይከብደውም።

አነሳችው።

«መጣሁ! አውቶቡሱ አለ አይደል?» አሁን ጓደኛዋ የምሯን እየሮጠች ነው፤ ትንፋሿ ያስታውቃል።

ልጅቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሄዷል» አለች። «እግሬን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ነኝ።»