ሽታ የሌለው ፋብሪካ

«ቅጹን ሞልተሽ ሳሙናውን አስቀምጪ፤ ሌላ ጣጣ የለውም» አላት የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ። ከገባች ጀምሮ ፈገግታው ንቅንቅ አላለም።

ልጅቷ እናቷ የሠራቻቸውን ሦስት ሳሙናዎች ከቦርሳዋ አወጣች። ጉድ እኮ ነው! ይህን የሚያህል የሳሙና ፋብሪካ ምንም አይሸትም። እነሱ ቤት ደብተሮቿ ሳይቀሩ ሎሚ ሎሚ ይላሉ።

ዘንድሮ የወጣው ደንብ ያልተመረመረ ሳሙና አይሸጥም ይላል። መልካም፣ ምርመራ ማን ይጠላል? ግን ደንቡ የሚጠይቀው መሣሪያ ያለው እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ሥጋን ለጅብ አደራ ማለት ይኸው ነው። ቢሆንም እናቷ ጠዋት «ሂጂ የኔ ልጅ፤ ዛሬ ካልገባ ነገ በራችን ይታሸጋል» ብላ ላከቻት።

ቅጹ «ሙሉ አሠራሩን ከነመጠኑ ይግለጹ» ይላል። እጇ ቆመ። ይህ አያቷ ለእናቷ በጆሮዋ የነገረቻት፣ የትም ያልተጻፈ ነገር ነው።

«የግድ ነው?»

«ደንብ ነዋ! ጎረቤቶችሽ ሁሉ ጽፈዋል» ብሎ ከኋላው ያለውን ቁም ሣጥን ከፈተው።

የሰፈሯ ሽታ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሽማግሌው የከሰል ሳሙና፣ የመንትዮቹ እናት የሬት ሳሙና... አርባ ሳሙና ቁጥር ተለጥፎበት ተደርድሯል። የአርባዎቹም በር «ውጤታችሁ አልደረሰም» እንደተባለ ታሽጓል። የከሰሉን ሳሙና ግን ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ አይታዋለች፣ በፋብሪካው ማሸጊያ።

ጫፉ ላይ አንድ ባዶ ቦታ አለ። «ቁጥር አርባ አንድ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከሥሩ የእናቷ ስም ታትሟል። ወረቀቱ ዳር ዳሩን ቢጫ ሆኗል፤ ደንቡ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ እዚያ የጠበቃት ይመስላል።

ሰውዬው ስልክ ሊያነሳ ዞር ሲል ወረቀቱን ላጥ አድርጋ ኪሷ ከተተችው። ሳሙናዎቹንም ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ መጠኑን እማዬን ጠይቄ ልምጣ።»

«አይዞሽ፣ አትቸኩዪ» አላት በዚያው ፈገግታ። «ቦታችሁ የትም አይሄድም።»

ሰፈር ስትደርስ ወደ ቤቷ አልታጠፈችም። ከታሸገው የሽማግሌው መሥሪያ ጎን ያለውን መስኮት አንኳኳች።

«ማን ነው?» አለ የደከመ ድምፅ።

«እኔ ነኝ አባባ። የአርባ አንደኛዋ ልጅ። አንድ ወረቀት ላሳይዎት።»

ገና ሠላሳ ዘጠኝ በር ይቀራታል።