የሐሙስ ገበያ ብልቃጥ

ሰቢሪና ሰርጓ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ጠዋት በባዶ ሆዷ ከአንዲት ብልቃጥ ሁለት ማንኪያ በላች። ቀትር ሳይሞላ ጎባ ሆስፒታል ውስጥ ስታስመልስ ቆይታ ሞተች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ብልቃጧ ውስጥ የነበረው ከማር ጋር የተለወሰ አብሽ ነው፤ ጡት ያሳድጋል እየተባለ ሮቤ ገበያ በድብቅ የሚሸጥ። ኤዲያ! ሰው እንግዲህ ለዚህ ይሞታል።

ምርመራው ለኢንስፔክተር ፀሐይ ተሰጠ፤ ከጥያቄዋ ዝምታዋ የሚያስፈራ ሴት ናት። ሐኪሙ ልጅቷን የገደላት እህል ነቀዝ እንዳይበላው የሚጨመረው ክኒን መሆኑን ነገራት። ፀሐይ ብልቃጧን ከፍታ አሸተተች። መጀመሪያ ቅርንፉድ ሸተታት፤ ከሥሩ የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ነገር ሲመጣባት ፊቷን አዞረች።

የሟች እናት አደ ቀመር ግን ገዳይዋን አውቃለሁ ባይ ነበሩ። ብልቃጧን ገዝታ ያመጣችው የልጃቸው ጓደኛ ፈይሩዝ ናት፤ ፈይሩዝ ደግሞ የሟችን እጮኛ ወዚርን ድሮ ትወደው ነበር። ወሬው ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ተመላለሰና ፈይሩዝ ታሰረች። ሰኞ ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ ነፍሰ ገዳይ መባሏ ነው።

ፈይሩዝ አላለቀሰችም። ሐሙስ ዕለት ገበያ ውስጥ መድኃኒቱን ለውሳ ከምትሸጠው ከጁሀራ ሁለት ብልቃጥ እንደገዛች ተናገረች፤ አንደኛው የራሷ ነው።

«ሽታው ቀፎኝ ተውኩት። ለሰቢሪና ግን አልነገርኳትም» አለች። ከዚያ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ለራሴም መግዛቴን ሰው እንዳይሰማብኝ» ብላ ለመነች።

ወዚር እህል ነጋዴ ነው። የነቀዝ ክኒን በመጋዘኑ ሞልቷል፤ አልካደም። ክኒኑ በጨርቅ ተቋጥሮ ጆንያው መሃል ይቀበራል፤ ሲራገፍ ቋጠሮውን ፈልጎ ማውጣት የገዢው ፋንታ ነው፤ የአገሩ ነጋዴ ልማድ ይኸው ነው። ለጁሀራም ባለፈው ሰኞ አንድ ጆንያ አብሽ ሸጦላታል። ሰቢሪና መድኃኒቱን ለምን እንደፈለገች ፀሐይ ስትጠይቀው ፈገግ አለ።

«ሰነቴ ብዬ እጠራት ነበር። እንደ ሰነቴ አምባ ደረትሽ ሜዳ ነው ለማለት ነው። ለቀልድ።»

ፀሐይ በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ጁሀራ በበኩሏ ወላሂ እያለች ማለች፤ አሥር ዓመት ስትሸጥ አንድ ሰው አልሞተባትም። ምን ምን እንደሚገባበት ስትጠየቅ፣ «አብሽና ማር ብቻ። ማሩም የደሎ መና ነው» አለች። ፀሐይ መልሱን ደግማ አስባለቻትና ሄደች። እሑድን ከቤት ቤት ስትዞር ውላ፣ ባለፈው ወር ከጁሀራ የተገዛ አንድ ብልቃጥ አገኘች።

ሰኞ ጠዋት ፈይሩዝን፣ ወዚርን፣ ጁሀራንና አደ ቀመርን ቢሮዋ ሰበሰበች። ሦስት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ሁሉንም አሸተተቻቸው።

«ይቺ ያለፈው ወር ናት፤ ቅርንፉድ የላትም። እነዚህ ሁለቱ የሐሙስ ናቸው፤ አንዷ የሟች፣ አንዷ ፈይሩዝ ቤት የነበረችው። ቅርንፉዱም መርዙም በሁለቱም አለ፤ ከላይም እስከ ታችም እኩል ተለውሷል። ከተገዛ በኋላ የተጨመረ ቢሆን ላይ ላዩን በቀረ ነበር። ስለዚህ ፈይሩዝም ወዚርም አይደሉም። የለወሰችው ናት።»

ጁሀራ ቅርንፉዱ ለጣዕም ነው አለች።

«ለጣዕም ከሆነ ስጠይቅሽ ለምን ደበቅሽው? አሥር ዓመት ያላስፈለገ ጣዕም ሐሙስ ለምን አስፈለገ? ሽታ ለመሸፈን ነው። ቋጠሮውን ተቀዶ አገኘሽው፣ አይደል?»

ጁሀራ አመነች። ጨርቁ ተቀዶ ክኒኑ አብሹ ውስጥ ተበትኖ ነበር። ነፋችው፣ አስፈጨችው። ሲሸታት ጊዜ ጆንያ ሙሉ አብሽ ከሚደፋ ብላ ቅርንፉድ አበዛችበት።

«ማር ያሽረዋል ብዬ ነው» አለች።

ያስጠላል! ለራሷ አፍንጫ የከበዳትን ለሰው ልጅ ሆድ አሽጋ መሸጧ ነው። ሌሎቹን ለማን እንደሸጠች ግን አታውቅም። በጠቅላላ ዘጠኝ ነበሩ፤ ሴቶቹ ተሸፋፍነው ይገዛሉ፣ ስም የሚናገር የለም። ሰባት ብልቃጥ መርዝ በየሰው ቤት ተደብቋል ማለት ነው። አደ ቀመር ይህን ሲሰሙ ተነስተው ወጡ። ፈይሩዝን ይቅርታ አላሏትም።

አንድ ፖሊስ ባጃጅ ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ገበያውን ዞረ። አንዲትም ሴት አልመጣችም። ማን ደፍሮ ይመጣል? ያን ጊዜ ገና ከእስር የወጣችው ፈይሩዝ ድምፅ ማጉያውን ተቀበለችው።

«ፈይሩዝ ነኝ። ጡቴ እንዲያድግ ብዬ እኔም ገዝቻለሁ። ሰቢሪናን የገደላት ይኸው ነው። ያላችሁ አምጡ፤ ስማችሁን አልጠይቅም።»

በኦሮምኛም በአማርኛም ደጋገመችው። ጎረምሶች ሳቁባት፤ አላቋረጠችም። ሴቶቹ በነጠላቸው ሥር እየደበቁ አንድ በአንድ መጡ፤ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ስድስት ብልቃጥ ተሰበሰበ።

ሰባተኛዋን ያመጡት አደ ቀመር ናቸው። ክዳኗ አልተነካም። ፈይሩዝ ተቀብላ አየቻቸው።

«ለማን ነው?»

«ለታናሿ» አሉ አደ ቀመር፣ ቀና ሳይሉ። «ድግሱ ተደግሷል። ወዚርም በእህቷ ምትክ እሷን እወስዳለሁ ብሏል።»

«መቼ ገዙት?»

«ቅዳሜ።»

ሰቢሪና የተቀበረችው ዓርብ ነበር።