«አብረው ገቡ»

የምስጢር መዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሳጅን ማናሴ ሰባት ሰዓት ላይ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ካዝናው ሥር ሞቶ ተገኘ። ከካዝናው አንድ ገጽ ጎድሏል፤ «ሰባት ቁጥር» እየተባለ ለፖሊስ የሚጠቁመው ሰው ስም የሰፈረበት። ያ ገጽ ከግቢው ከወጣ ዕፅ አሻጋሪዎቹ ሰውየውን በሕይወት አያሳድሩትም።

ኢንስፔክተር ሲኒቫ ከቫቫኡ ደሴት ለቁጥጥር ከመጣች ገና ሦስት ቀኗ ነው። በሩን አስዘጋች። የሠራተኞቹን ስልክ እንደ ደንቡ በረኛው ጠዋት ተረክቧል። ኪስና ቦርሳ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም። የጣቢያው አዛዥ ግን፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል፤ ያለ ማስረጃ ሰው አላግትም» ብለዋታል።

የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሠራተኞች ካላፊ፣ ሎሴሊና ፈሌቲ ብቻ ናቸው። ሦስቱም እንደ አገሩ ወግ ለሟቹ የሐዘን ምንጣፍ ወገባቸው ላይ ጠምጥመው በገመድ አስረዋል። ማንም ብቻውን እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል፤ ሁለት ሆነው ይገባሉ፣ ማናሴ ይመዘግባል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «6፡30። ካላፊና ሎሴሊ አብረው ገቡ።»

«ምን ቀረዎት ኢንስፔክተር? መዝገቡ ተናግሯል» አለ ፈሌቲ። ባሕር ማዶ፣ ኦክላንድ ተወልዶ ያደገ፣ እዚህ ከተቀጠረ አምስት ወሩ ነው።

«መዝገብ የጻፉበትን ነው የሚናገረው» አለችው።

ሎሴሊን ወደ ሻይ ክፍሉ ጠራቻት። እዚያ ተቀምጦ የነበረው ካላፊ ስኒውን በግማሹ ትቶ በጓሮ በር ወጣ።

«አዩት?» ተከትሏት የመጣው ፈሌቲ አንሾካሾከ። «ዓይን ለዓይን እንኳ አይተያዩም። የዶለቱት ነገር አለ።»

ሲኒቫ ወደ ሎሴሊ ዞረች። «ስድስት ተኩል ላይ የት ነበርሽ?»

«ጓሮ፣ ካሳቫዬን እየበላሁ።»

«ማን አየሽ?»

«ዶሮዎቹ።»

ካላፊን በረንዳው ላይ አገኘችው። «ከሎሴሊ ጋር ገብተሃል ይላል መዝገቡ።»

«እኔ ከእሷ ጋር? በሩ በተዘጋ ክፍል?» ካላፊ አንገቱን ደፋ። «እናቶቻችን እኮ የአንድ ሆድ ልጆች ናቸው። እናቴ ይህን ብትሰማ በመጥረጊያ ነው የምታባርረኝ።»

ሲኒቫ ማስታወሻዋን ዘጋች።

አሥር ተኩል ላይ ሁሉንም በአዛዡ ፊት ሰበሰበች። ሎሴሊ ገብታ ስለነበር ካላፊ ከመስኮቱ ውጭ ቆመ።

«ሻዩንም የተወው፣ አሁን ውጭ የቆመውም ስለዶለተ አይደለም» አለች ሲኒቫ። «የእናት እህት ልጅ በእኛ ዘንድ እህት ናት፤ ወንድም እህቱ ካለችበት ክፍል አይቀመጥም። ማናሴ ይህን ያውቅ ነበር፤ አብረው ገቡ ብሎ አይጽፍም። እነሱም ቢዋሹ በገዛ ስማቸው አይዋሹም። መስመሩን የጻፈው ገዳዩ ነው፤ ዝምድናቸውን የማያውቅ ሰው። ከሦስቱ የማያውቀው አንድ ነው።»

ፈሌቲ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ተፈትሻለሁ እኮ።»

«ኪስህ ተፈትሿል። የሐዘን ምንጣፍ ግን በአክብሮት ማንም አልነካም። ከወጋችን የሚጠቅምህን ብቻ ነው የተማርከው። ፍታው።»

ፈሌቲ አዛዡን አየ፤ በሩን አየ። ከዚያ የምንጣፉን ገመድ ፈታ። የታጠፈ ወረቀት መሬት ላይ ወደቀ።

ሲኒቫ ሳትገልጠው አነሳችው። «ሎሴሊ ነይ፤ ሁለት መሆን አለብን።»

ሁለቱም ስሙን ሳያነቡ ገጹን ካዝናው ውስጥ ቆለፉበት፤ መዝገቡ ላይም ፈረሙ። ሎሴሊ ስትወጣ ካላፊ ገብቶ የቀዘቀዘ ሻዩን ጠጣ።