የማግስት ግጥሞች

ኦስዋልድ ፔንሪዝን ማንም አያውቀውም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ፣ በጨርቅ ፋብሪካ ጸሐፊነት የሚያድር እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ ሞተ። እኔ ሞኟ ሉሊት ግን ከዓለም ገጣሚ ሁሉ እሱን መርጬ፣ ለማስተርሴ ላጠናው ኦስሎ ድረስ መጣሁ።

ቢንያምን ያገኘሁትም በእሱ ሰበብ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2007፣ ከመሃል ከተማው ወደ ሆልምሊያ ሰፈር በሚሄደው ባቡር ውስጥ መጽሐፉን ሳነብ እንባዬ መጣ። ፊት ለፊቴ የሆስፒታል መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሐበሻ ተቀምጧል።

«ማን ሞቶ ነው?» አለኝ።

«ገጣሚው። ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ልቅሶ የደረስሽው ዛሬ ነው?»

ሳቅሁ። ግጥሙን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት፤ ሚስቱን ማርታን ይቅርታ የሚለምንበት ነው። ቢንያም ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ መውረጃችን አለፈን። በስድስተኛው ወር ጓዜን ጠቅልዬ ፕሪንስዳል፣ እሱ ቤት ገባሁ።

አንድ ቀን ከአማካሪዬ ጋር ሥራ በዝቶብኝ ዘገየሁ። «የት ነበርሽ?» አለ፤ መልሴን ግን አልጠበቀም። በጥፊ ሲለኝ ከምድጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨሁ፤ ጥርሴን ከነደሙ መዳፌ ላይ ተፋሁት። በማግስቱ ግጥም ጽፎልኝ መጣ፤ ተንበርክኮ አነበበልኝ። ጥሩ ግጥም ነበር። አቅፌው አለቀስኩ፤ ይባስ ብዬ «ከፔንሪዝ ትበልጣለህ» አልኩት።

ሌላ ጊዜ በፀጉሬ ጎተተኝ፤ በማግስቱ ግጥም። ከበር ጋር አላተመኝ፤ በማግስቱ ግጥም። በአራተኛው ክንዴን ጠምዝዞ ሰበረው። ድንገተኛ ሕክምናው፣ ሌገቫክት፣ ስደርስ ሐኪሟ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «በረዶ አዳልጦኝ» አልኳት። ወሩ ጁን፣ የኦስሎ በጋ ነበር። በመስኮቱ ፀሐዩን አየች፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ።

በዚያው ሳምንት ከእንግሊዝ አገር ያዘዝኩት ፖስታ ደረሰ። ማርታ ለእህቷ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ቅጂ ነው። በደህናው እጄ እየገለጥኩ አነበብኩ። «ማርች 3፤ ግራ ጆሮዬ መስማት አቁሟል።» የፔንሪዝን መጽሐፍ ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ግጥም ማርች 4 ይላል። «ሜይ 19፤ በብረት ማንቆርቆሪያ መታኝ።» ግጥሙ ሜይ 20። አርባ ደብዳቤ፣ አርባ ግጥም። በመጨረሻው ደብዳቤ «ዛሬ ቀና ማለት አቅቶኛል፤ እሱ ግን ሰሞኑን ጥሩ እየጻፈ ነው» ትላለች። በማግስቱ የተጻፈው የእሷ የለቅሶ ግጥም ነው።

ልብሴን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ሆልምሊያ፣ ጓደኛዬ ሐረገወይን ዘንድ ሄድኩ።

በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌ መጣ። ሁላችንም የምናከብራቸው ኤርትራዊው ጡረተኛ አቶ ወልደኣብ ከፊት፣ ቢንያም ከኋላቸው፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምናል፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ይወርድለታል። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ፣ ኖርዌጂያኖቹ ቆመው እያዩት ነው ተሸክሞት የመጣው። አንገቱ ተልጦ ደም አውጥቷል። አንጀቴን በላው። እወደው ነበር፤ ሮጬ ላወርድለት ምንም አልቀረኝ።

«ልጄ፣ ይኸው አንገቱን ደፍቶ መጥቷል» አሉ አቶ ወልደኣብ። «ይቅር በይውና ወደ ቤትሽ ተመለሺ።»

ቢንያም እንዳጎነበሰ ግጥም ጀመረ፤ በቃሉ። ከእስከዛሬዎቹ ሁሉ ይበልጥ ነበር። ልትጮህበት የተዘጋጀችው ሐረገወይን እንኳ እንባዋን ጠረገች።

ሲጨርስ «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። «ግን አይ፣ አልመለስም።»

ቀና አለ። ድንጋዩ ከጫንቃው ወደ እጁ ሲመጣ አየሁ። ወረወረው። ዝቅ ባልል ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር፤ ከኋላዬ የበረንዳው መስታወት እንዳለ ረገፈ። ሊደግም ወደ እኔ ሲመጣ አቶ ወልደኣብ በሰባ ዓመታቸው ተንደርድረው ወገቡን ያዙት፤ ተያይዘው ስብርባሪው ላይ ወደቁ። መዳፋቸው እየደማ፣ ቢንያምን መሬት ላይ ተጭነው ወደ እኔ ዞሩ።

«ልመናዬን አንስቻለሁ፣ ልጄ። ፖሊስ ጥሪ።»

ጠራሁ።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት በሩ ላይ ቆም አለ። ዓይኑ ያኔ ባቡሩ ውስጥ ያየሁት ዓይን ነበር፤ ያው ለስላሳው።

«ግጥሙን ወደድሽው?» አለኝ።

«በጣም» አልኩት። አልዋሸሁም።

እሱን የያዘው መኪና ሲሄድ ጫማዬን አደረግሁ። ከዚያ ፖሊሷ በከፈተችልኝ ሌላ መኪና ገብቼ ቃሌን ልሰጥ ሄድኩ።